ክንፍን መሬት ላይ መግራት

ፓራግላይዲንግ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው ከተራራ ጫፍ ተነስቶ የሚንሳፈፍ ሰው ነው። እኔ አብልጬ የምወደው ግን ከዚያ የሚቀድመውን ሥራ ነው፤ እግር ከመሬት ሳይለቅ፣ ክንፉን ከራስ በላይ አቁሞ መያዝን። ተማሪዎች ይህን ልምምድ እንደ ቅጣት ያዩታል፤ ቶሎ ጨርሰው ወደ ተራራው መውጣት ይፈልጋሉ። የዚህ ስፖርት ዋና ትምህርት ያለው ግን ሜዳው ላይ ነው።

መሠረቱን በአጭሩ ልበል። ክንፉ ከስስ ጨርቅ ተሰፍቶ፣ ፊቱ ላይ ባሉት ክፍተቶች አየር ሲገባበት ተነፍቶ ቅርጽ ይይዛል። ስፖርቱ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1978 በፈረንሳይዋ ሚዩሲ የፓራሹት ዘላዮች ከአውሮፕላን መዝለሉን ትተው ከዳገት እየሮጡ መነሳት ሲጀምሩ ነው። ፓራሞተር ደግሞ ይኸው ክንፍ ሆኖ፣ አብራሪው ሞተር በጀርባው ያዝላል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። አብዛኛው ጀማሪ ክንፍ የሚታዘዘው በእጅ ይመስለዋል። ፊቱን ወደ ክንፉ አዙሮ ያነሳዋል፤ ክንፉ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ሲጀምር ደንግጦ የተቃራኒውን ጎን ፍሬን፣ ማለትም የክንፉን የኋላ ጠርዝ ወደ ታች የሚስበውን ገመድ፣ ይጎትታል። ፍሬን ግን ፍጥነት ይቀማል። በለስላሳ ነፋስ ደግሞ ክንፉ ያለው ፍጥነት ራሱ ትንሽ ነው፤ ያቺን ሲነጠቅ ወደ ኋላ ቀርቶ ይወድቃል። ተማሪው “ነፋሱ አስቸገረኝ” ይላል። ያስቸገረው የራሱ እጅ ነው።

ትክክለኛው መልስ ያለው እግር ላይ ነው። ክንፉ ወዳዘነበለበት አቅጣጫ ፈጥኖ ተራምዶ ከሥሩ መግባት! ሰውነት ከክንፉ መሐል በታች ሲመለስ ገመዶቹ በግራም በቀኝም እኩል ይወጠራሉ፤ ክንፉም ይቃናል። ፍሬኑ ከዚያ በኋላ በትንሹ ያግዛል እንጂ አይቀድምም። አንድ ወጣት ክንፉ በወደቀበት ቁጥር ፍሬኑን የባሰ ሲጎትት አይቼ፣ “ወንድሜ፣ ፍሬኑን ልቀቀውና ክንፉን ተከተለው” አልኩት። ገመዶቹ የሚያያዙባቸውን የፊት ማንጠልጠያዎች ብቻ ይዞ፣ በእግሩ ብቻ እንዲሠራ አደረግነው። ትንሽ ቆይቶ ክንፉ ከራሱ በላይ ጸጥ ብሎ ቆመ። ለሁሉም ጀማሪ ይህንኑ እመክራለሁ። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ዓይንን ከክንፉ አንስቶ አድማስ ላይ ማድረግ፣ ክንፉ የት እንዳለ ወገብ ላይ ባለው ስበት ማወቅ ይመጣል። አየር ላይ የሚያስፈልገው ይህ ስሜት ነው፤ እዚያ ቀና ብሎ ሲያዩ መዋል አይቻልም።

የነፋስን ጉልበት የሚንቁ ሰዎች ያናድዱኛል። የነፋስ ፍጥነት ከ10 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲወጣ ጉልበቱ በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ያድጋል። ያለ ራስ ቁር ክንፍ የሚዘረጋ ሰው ይህን አላሰበበትም። ክንፉ መጎተት ከጀመረ እየታገሉ ወደ ኋላ መሳብ የባሰ ያደርገዋል፤ የኋላ ማንጠልጠያዎቹን ስቦ ወደ ክንፉ መሮጥ ነው።

ድሬዳዋ አካባቢ ይህን መማር ለሚያስብ፣ ከከተማው ወደ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀውን ሐርላን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ከቆላው ወደ ደጋማው ደንገጎ የሚያወጣው ዳገት ፀሐይ ሲያገኘው የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ ለጀማሪ የማይታመን ይሆናል። ማለዳና ወደ ማታ ይሻላል። ድሬዳዋ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ ሲነሱም ሲያርፉም ከባሕር ዳርቻው ፈጠን ያለ ሩጫ ይጠይቃል። የግራር እሾህ ጨርቅ ይቀዳል፣ ቀጭኖቹን ገመዶችም ይይዛል፤ ቦታ ሲመረጥ መሬቱን ዞሮ ማየት ያስፈልጋል። የገበሬውን ማሳ ሳያስፈቅዱ መርገጥ ነውር ነው።

ሐርላ ያለው ጥንታዊ ፍርስራሽ ላይ ግን ፈጽሞ ክንፍ እንዳትዘረጉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነውና በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል በተመራው ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ ከሩቅ አገር በንግድ የመጡ ዕቃዎችም የተገኙት በዚያ መሬት ነው። ገመድ የሚጎተትበት፣ እየሮጡ የሚረግጡት ሜዳ አይደለም። ለመብረር የሚያስብ ደግሞ የአባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ መሆኑን አስቦ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ።

ፓራሞተር ለመግዛት የምትቸኩሉ ሁሉ፣ ሞተሩና ማቀፊያው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናሉ። ያን ተሸክሞ ክንፍን መከተል ከባድ ነው፤ ክንፉ ሳይቃና ነዳጅ የሰጠ ሰው ገመዱን ለሚሽከረከረው ፕሮፔለር ሊያቀብል ይችላል። መጀመሪያ ክንፉንና መታጠቂያውን ብቻ ይዛችሁ፣ ከአስተማሪ ጋር ሜዳ ውረዱ።