ሊፈርስ የተቃረበ ቤት፦ ከባሏ ጥቃት የምትሸሽን ሴት ስለ መቀበል የፊቅህ መጻሕፍት የሚሉት

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሱብሕ ሶላት ሲወጡ ገና ሳይነጋ በደጃቸው የቆመች አንዲት ሴት አገኙ። ማን እንደ ሆነች ቢጠይቋት የሰህል ልጅ ሐቢባ መሆኗን ነገረቻቸው፤ ከባሏ ከሣቢት ኢብን ቀይስ ጋር መኖር እንደማትችልም አመለከተች። ኢማም ማሊክ በሙወጦእ ያስተላለፉት ይህን ነው። አቡ ዳውድ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በያዙት ዘገባ ደግሞ ባሏ መትቷት ከአካሏ አንድ ክፍል ሰብሮ እንደ ነበር ተጨምሯል። ነቢዩ ሣቢትን አስጠርተው፣ መህር አድርጎ የሰጣትን የአትክልት ስፍራ መልሶ ወስዶ እንዲለያት አደረጉ።

ይህን ሐዲስ በኹልዕ ምዕራፍ ደጋግመን አስተምረነዋል፤ ስናስተምረውም የምንቆመው በመህሩ መመለስ ላይ ነው። በዘገባዎቹ ውስጥ የሌለው ነገር ግን ካለው ያላነሰ ያስተምራል። በጨለማ ያለ ባልሽ ፈቃድ ለምን ወጣሽ የሚል ጥያቄ አናገኝም፤ ተመልሰሽ ሰብር አድርጊ የሚል ምክርም አናገኝም። እኛ ግን ተጎድታ ለመጣች ሴት በቅድሚያ የምናቀርባቸው እነዚህን ሁለቱን ነው። ይህን የምንጽፈው ሌሎችን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም በሽምግልና ተቀምጠን፣ ፊቷ ያበጠ ሴት በዚያው ምሽት ወደ ቤቷ እንድትመለስ ከመከሩት መካከል ነበርን።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 ከመቶ የሚሆኑት ከባላቸው አካላዊ፣ ጾታዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው መዝግቧል። አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል እርዳታ የፈለጉት ግን 23 ከመቶ ብቻ ናቸው። ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ቢያንስ አንድ ምክንያት አለ ብለው የመለሱት ደግሞ ከወንዶቹ 28፣ ከሴቶቹ 63 ከመቶ ነበሩ። ስለዚህ ወደ ኢማሙ የምትመጣው ሴት ከጥቂቶቹ አንዷ ናት፤ ምናልባትም ይገባኝ ይሆናል የሚለውን ጥርጣሬ በልቧ ይዛ የመጣች ናት። የኢማሙ የመጀመሪያ ቃል ያን ጥርጣሬ ወይ ያጸናዋል ወይ ይሽረዋል።

ኑሹዝ ነው ወይስ ሽሽት?

በብዙ የሀገራችን መድረሳዎች የሚቀራው የኢማም ነወዊ ሚንሃጅ፣ ሚስት ያለ ፈቃድ ከባሏ ቤት መውጣቷ ኑሹዝ መሆኑን በነፈቃ ምዕራፍ ይገልጻል። ደረሳው ይህን ክፍል አይረሳውም። ነገር ግን ኢማም ነወዊ በዚያው ዓረፍተ ነገር፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ፣ ልዩ ሁኔታ አስቀምጠዋል፤ ይኸውም ቤቱ ሊፈርስ የተቃረበ ሲሆን ነው። ሸርሕ የጻፉ ሊቃውንት ይህን ምሳሌ በግድግዳና በጣሪያ ብቻ አልወሰኑትም። በነፍሷ ወይም በንብረቷ ላይ ለሚደርስ ፍርሃት የወጣች፣ መብቷንም ለመጠየቅ ወደ ቃዲ የሄደች ሴት ናሺዛ እንደማትባል አስረድተዋል። ጣሪያው ቢወድቅባት ትሞታለች ተብሎ መውጣት የተፈቀደላት ሴት፣ ባሏ ቢላዋ ሲያነሣ ቁጭ በይ ልትባል አትችልም።

የሱራ አን-ኒሳእ 34ኛ አንቀጽ መነሣቱ አይቀርምና እሱንም አንለፈው። የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት ራሳቸው መምታትን መተው የተሻለ መሆኑን ጽፈዋል፤ ጉዳት የሚያደርስንና ፊትን የሚነካ ምትን ከልክለዋል፤ ጉዳት ከደረሰም ባልየውን ተጠያቂ አድርገዋል። የመካው ታቢዒይ ዐጧእ ኢብን አቢ ረባሕ ከዚህም አልፈው፣ ሚስቱ ትእዛዙን ባትቀበል እንኳ ይቆጣት እንደ ሆነ እንጂ አይምታት ብለዋል፤ ማሊኪው ቃዲ ኢብኑል ዐረቢ ይህን ከዐጧእ የፊቅህ ጥልቀት ቆጥረውታል። ነቢዩ በእጃቸው ሴትንም አገልጋይንም መትተው እንደማያውቁ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) መመስከራቸው በሙስሊም ሶሒሕ ይገኛል። በአንቀጹ ትርጓሜ ላይ ሊቃውንት ምንም ያህል ቢለያዩ፣ አጥንት መስበርን፣ ጉሮሮ ማነቅን፣ ማቃጠልን የፈቀደ መዝሀብ የለም። ሸሽታ የመጣችውን ሴት አስቀምጦ ስለዚህ አንቀጽ መከራከር ከጉዳዩ መውጣት ነው።

እርቅ የሚመጣው መቼ ነው?

ሽምግልናን የምንመሠርተው በሱራ አን-ኒሳእ 35ኛ አንቀጽ ነው፤ ከእርሱ ወገን አንድ ሐከም፣ ከእርሷ ወገን አንድ ሐከም። አንቀጹ የሚናገረው ግን ስለ ሺቃቅ ነው፤ ቃሉ ሁለቱ ወገኖች በየፊናቸው የቆሙበትን መለያየት ያመለክታል። አንዱ ሲመታ ሌላዋ ስትመታ ያለው ነገር ሺቃቅ ሳይሆን ተዐዲ፣ ማለትም ወሰን መተላለፍ ነው። ሚንሃጅ ሁለቱን ለይቶ በቅደም ተከተል አስቀምጧቸዋል። ባል ያለ ምክንያት ሚስቱን ቢያስቸግር ቃዲው ይከለክለዋል፤ ቢደግመው ይቀጣዋል። ሁለቱ እርስ በርስ ቢካሰሱ ቃዲው የሚያውቃቸውን ታማኝ ሰው ጠይቆ በዳዩን ያግዳል። ሐከሞች የሚላኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሺቃቁ ሲበረታ ነው። እኛ የመጨረሻውን ደረጃ መጀመሪያ አድርገነው ቆይተናል።

ከሁሉ በላይ ልናስታውሰው የሚገባው ግን ሸርሖቹ ከኢማም አል-ሐረመይን አል-ጁወይኒ የሚያስተላልፉት ነው። የባልየው በዳይነት ለዳኛው ከተረጋገጠና ደፋር በመሆኑ ክፉኛ ይመታታል ተብሎ ከተፈራ፣ ወደ ፍትሕ መመለሱ እስኪታመን ድረስ በሁለቱ መካከል ይጋረዳል፤ በአንድ ቤት እንዲኖሩ አይደረግም። ይህ የተጻፈው ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በፊት በኖረ ሊቅ አስተያየት ላይ ተመሥርቶ ነው። መጠለያ ማዘጋጀት ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው የሚሉ ወንድሞች የራሳቸውን መዝሀብ መጽሐፍ ቢገልጡ መልካም ነው።

የመከልከልና የመቅጣት ሥልጣን ግን የቃዲ እንጂ የመስጊድ ኢማም አይደለም። በሀገራችን ይህን የሚሠራው ፖሊስና መደበኛው ፍርድ ቤት ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለይቶ ይደነግጋል። ገበናን መሸፈን እዚህ ላይ አይጠቀስም። ኢማም ነወዊ በሪያድ አስ-ሷሊሒን ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ምክንያቶች ሲዘረዝሩ በመጀመሪያ ያስቀመጡት የተበደለ ሰው መብቱን ወደሚያስከብርለት አካል ማመልከቱን ነው። ነቢዩም ፋጢማ ቢንት ቀይስ ካጯት መካከል ስለ አቡ ጀህም ስታማክራቸው ዱላውን ከትከሻው የማያወርድ መሆኑን ነግረዋታል፤ በሌላ ዘገባ ሴቶችን የሚመታ መሆኑን ገልጸዋል። ለኒካሕ ምስክር የምንሆን ሁሉ ስለ ባልየው የምናውቀውን ከወሊዩ መደበቃችን ከዚህ ሐዲስ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ልናስብበት ይገባል።

ከትዳሩ መውጣት

የሻፊዒይ መዝሀብ የሚሰጠው መፍትሔ ባልየውን መከልከል፣ መቅጣትና ማራራቅ ነው፤ ቃዲው በድብደባ ምክንያት ኒካሑን እንዲያፈርስ በግልጽ አይፈቅድም፤ ኹልዕም የባልን ስምምነት ይጠይቃል። የማሊኪው መዝሀብ ግን በግልጽ ደረር ምክንያት ሴቲቱ የመፈታት መብት እንዳላት ይደነግጋል፤ በኸሊል ሙኽተሰር እንደ ተገለጸው ደረሩ መደጋገሙ በምስክር ባይረጋገጥም እንኳ። የግብፅ ሕግ አውጪዎች በ1929 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የማሊኪ አቋም የወሰዱት አብዛኛው የዳኝነት ሥርዓታቸው ሐነፊ ሆኖ ሳለ ነው።

በኹልዕ ድርድር ላይ አንድ በደል ይደጋገማል። ባልየው ደብድቦ፣ ከዚያ መህሩን መልሺ፣ ልጆቹን ተዪ፣ እለቅሻለሁ ይላል፤ ሽማግሌውም እፎይ ብሎ ያጸድቃል። ኢማም ማሊክ የሐቢባን ሐዲስ ባስተላለፉበት በዚያው ምዕራፍ፣ ባልየው እንደ በደላትና እንዳስጨነቃት ከታወቀ ፍቺው ጸንቶ ገንዘቧ እንደሚመለስላት ጽፈዋል። የሐቢባ መህር ለምን ተመለሰ ለሚለው ሊቃውንት የተለያየ መልስ አላቸው፤ በቡኻሪ ዘገባ የሣቢት ሚስት በባሏ ጠባይም በዲኑም ላይ ነቀፋ እንደሌላት መናገሯም ከግምት መግባት አለበት። ከዚህ ሐዲስ ተነሥቶ የተደበደበች ሴት ነፃነቷን ትግዛ ማለት ግን ችኮላ ነው።

በፌዴራል ደረጃ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁ ሲሆን ሥልጣናቸው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። ባልየው እምቢ ካለ መንገዷ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። የዚያ ውሳኔ ኒካሑን በሸሪዓ ይፈታል ወይ የሚለው ዑለማእ የተለያዩበት በመሆኑ፣ ሴቲቱ ያላገባችም ያልተፈታችም ሆና እንዳትንጠለጠል ዑለማእን ማማከርና ባልየው ጦላቁን እንዲሰጥ ግፊት ማድረግ የኢማሙ ድርሻ ነው።

በደጃፍ ላይ

ሴቲቱ ስትመጣ ባልየውን ወዲያው መጥራት፣ ወይም እዚህ አለች ብሎ መደወል ትልቅ አደጋ ነው፤ ጥቃት ፈጻሚ ይበልጥ የሚከፋው ሚስቱ ልትለየው መሆኑን ሲያውቅ ነውና። ለብቻዋ፣ የምታምናት አንዲት ሴት አብራት ተቀምጣ ትጠየቅ። አንቋት ያውቃል? ልገድልሽ ብሏት ያውቃል? መሣሪያ አለው? ነፍሰ ጡር ናት? ከእነዚህ አንዱ ካለ በዚያ ሌሊት ወደዚያ ቤት አትመለስም። ቁስል ካለ ሐኪም ቤት ሄዳ የሕክምና ማስረጃ ትያዝ፤ በአዲስ አበባ የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናን፣ ምክርን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለው። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም መጠለያ ያስተዳድራል። መታወቂያዋን፣ የልጆቿን የልደት ማስረጃና የኒካሕ ወረቀቷን ይዛ ካልወጣች፣ ታማኝ ሰዎች ከፖሊስ ጋር ሄደው ያምጡላት እንጂ ብቻዋን አትላክ። ነፈቃዋ ተቋርጦባት የምትበላው የሌላት ሴት ለመስጊዱ ዘካ ትበቃለች፤ ባለጸጋ ባል አላት የሚለው ከእጁ ካልደረሳት አይከለክላትም።

ስለ ዒዳም በተደጋጋሚ እንጠየቃለን። የተፈታች ሴት ዒዳዋን በባሏ ቤት መፈጸም እንዳለባት ሱራ አጥ-ጦላቅ ያዝዛል፤ አንዳንዶችም ይህን ይዘው ከመጠለያ አስወጥተው ሊመልሷት ይሞክራሉ። ሚንሃጅ ግን ለነፍሷ የፈራች ሴት ከዒዳ ቤቷ እንድትዛወር ይፈቅዳል። ከላይ ያነሣናት ፋጢማ ቢንት ቀይስ ሦስተኛው ጦላቅ ከተሰጣት በኋላ ሰው በር ሰብሮ እንዳይገባባት መፍራቷን ለነቢዩ ነግራቸው፣ ወደ ሌላ ስፍራ እንድትዛወር እንዳዘዟት በሙስሊም ሶሒሕ ተዘግቧል። ዒዳዋን የፈጸመችው በዐይነ ስውሩ ሰሓባ በኢብን ኡም መክቱም ቤት ነበር።