ክብደት ለመቀነስ ተብሎ የሚገዛ ዕቃ፦ የትኛው ገንዘብ ይገባዋል?

ከወሊድ በኋላ ወይም የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ከጀመሩ ወዲህ ውፍረት የጨመሩ እናቶች፣ እንዲሁም ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ውለው ቦርጭ ያወጡ አባወራዎች ዘወትር የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ይህን ቀበቶ ወይም ያንን ማሽን ብገዛ ያከሳኛል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም። የከተማ ቤተሰብ ገቢ በቤት ኪራይ፣ በትምህርት ቤት ክፍያና በአስቤዛ ተከፋፍሎ የሚያልቅ ነውና ለስፖርት ዕቃ የሚወጣው ገንዘብ ከሌላ ጉዳይ ላይ የተቀነሰ ነው። ስለሆነም ባልና ሚስት ገንዘቡን ከማውጣታቸው በፊት ዕቃው ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ አብረው ቢያውቁ ይበጃል።

በመጀመሪያ ሂሳቡን እንመልከት። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ይዟል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጠን ብሎ ቢራመድ የሚያወጣው ከ250 እስከ 300 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። በዚህ ስሌት አንድ ኪሎ ስብ ለማቃጠል ከ25 እስከ 30 ሰዓት ያህል መራመድ ያስፈልጋል። ይህ ተስፋ ሊያስቆርጥ አይገባም፤ በቀን አንድ ሰዓት የሚራመድ ሰው በአንድ ወር ይደርስበታል። ነገር ግን «በ10 ቀን 10 ኪሎ» የሚለውን ማስታወቂያ በዚሁ ሂሳብ ስንመዝነው፣ ሰውየው በየቀኑ ከ24 ሰዓት በላይ መራመድ ሊኖርበት ነው። ቀኑ ራሱ አይበቃውም።

ከዚህ ሂሳብ ሌላም ነገር እንማራለን። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ 125 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትም ከዚያ የማይተናነስ ነው። በቀን ሁለት ለስላሳ ይጠጣ የነበረ ሰው በውኃ ቢተካው፣ ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ የእግር ጉዞ ያደረገ ያህል ይቆጠርለታል። ገንዘቡም ኪሱ ውስጥ ይቀራል።

ላብ ስብ አይደለም

እናቶቻችን ከወለዱ በኋላ ወገባቸውን በመቀነት የማሰር የቆየ ልማድ አላቸው። መጠነኛ ማሰር ጀርባን ይደግፋል፤ አራሷ ስትነሣና ስትቀመጥም ይቀላታል። ዛሬ በየሱቁ ተሰቅሎ የምናየው የላስቲክ ኮርሴት የዚያው የመቀነት ዘመድ ነው። ልዩነቱ መቀነት «ስብ አቀልጣለሁ» ብሎ አለማወቁ ነው። ኮርሴቱ ወገብን የሚያቀጥነው በላይ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ሲሆን፣ ሲፈታ ሆድ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ሆድ ውስጥ ያለውን ጫና ወደ ታች ይገፋል። በወሊድ ምክንያት የላሉት፣ ፊኛንና ማኅፀንን ከሥር የሚደግፉት ጡንቻዎች ያን ጊዜ ይበልጥ ይጎዳሉ። ስታስል ወይም ስትስቅ ሽንት የሚያመልጣት እናት እንዲህ ያለውን ነገር ልትርቀው ይገባል።

ሆድን በፌስታል ጠቅልሎ መሮጥና «የላብ ልብስ» የሚባለውን ፕላስቲክ ለብሶ መንቀሳቀስም በብዙ ሰፈር የተለመደ ሆኗል። ሰውየው ከሩጫ ሲመለስ ሚዛን ላይ ቢወጣ አንድ ኪሎ ቀንሶ ሊያገኘው ይችላል። የጠፋው ግን ውኃ ነው፤ ሁለትና ሦስት ብርጭቆ ሲጠጣ ተመልሶ ይገባል። በተለይ ለምታጠባ እናት ሰውነትን ማድረቅ አይመከርም።

ከሆድ ላይ ታስረው የሚነዝሩ የኤሌክትሪክ ቀበቶዎችስ? ጡንቻን ያንቀጠቅጣሉ እንጂ በላዩ ያለውን ስብ አያነሡም። ሰውነት ስብን የሚያወጣው ከአጠቃላዩ ክምችት ስለሆነ፣ አንድን ቦታ ለይቶ ማክሳት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ እንዲህ ዓይነት ቀበቶ ያለ ምንም ልፋት ክብደት ይቀንሳል እያሉ በቴሌቪዥን ያስተዋወቁ ሦስት ሻጮችን ከስሷል። ቀበቶዎቹ ግን በሌላ ስምና በሌላ ቀለም ዛሬም ይሸጣሉ።

ገንዘብ የሚገባው ጫማ ነው

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ አንድ ቤተሰብ ለስፖርት አንድ ነገር ብቻ የመግዛት አቅም ካለው ያ ነገር ጫማ መሆን አለበት። በኮብልስቶንና በተሰባበረ አስፋልት ላይ በነጠላ ጫማ ወይም በቀጭን ሸራ በየቀኑ አንድ ሰዓት መራመድ ተረከዝንና ጉልበትን ያሳምማል፤ ያመመው ሰው ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ያቆማል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን የሚጠቅሱ አይጠፉም። እርግጥ ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው ጫማ አድርጎ ነው። ደግሞም ክብደት የጨመረ የቢሮ ሠራተኛ እግር የአበበ እግር አይደለም።

ሲገዙ ከስሙ ይልቅ ልኩን ይመልከቱ። እግር ውሎ ሲያድር ሳይሆን ውሎ ሲመሽ ያብጣልና ጫማን ከሰዓት በኋላ መለካት ይሻላል። ቆመው ሲለኩ ከረጅሙ ጣትዎ ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር፤ ተረከዝዎ በሚራመዱበት ጊዜ አይውጣ። እርግዝና የእግርን ቁጥር በቋሚነት ሊጨምር ስለሚችል፣ የወለደች እናት የድሮ ቁጥሯን አምና አትግዛ፤ ሁለቱንም እግሮቿን እንደገና ትለካ። ሰልባጅ ከሆነ ደግሞ የውጭው ጽዳት አያታልልዎ። ጫማው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ እንደሆነና ሶሉ በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይመለስ ወይም የተሰነጠቀ እንደሆነ ይተዉት። የሩጫ ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከተሮጠበት በኋላ ልስላሴው ያልቃል፤ ሰልባጅ ላይ ያለው ጫማ ስንት እንደተሮጠበት የሚያውቀው የቀድሞው ባለቤት ብቻ ነው።

«ሲራመዱበት ብቻ ዳሌ የሚያስተካክል» ተብሎ ለሚሸጥ ጫማ ግን ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ። ሪቦክ «ኢዚቶን» የተባለው ጫማው የመቀመጫ ጡንቻን ጥንካሬ በ28 በመቶ እንደሚጨምር ያስተዋውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ከላይ ከተጠቀሰው ኮሚሽን ጋር ባደረገው ስምምነት ለገዢዎች ተመላሽ የሚሆን 25 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። በዓመቱ ስኬቸርስ «ሼፕ አፕስ» ስለተባለው ጫማው በቀረበበት ተመሳሳይ ክስ 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ከጫማ ቀጥሎ ለሴቶች ገንዘብ የሚገባው ደኅና የስፖርት ጡት ማስያዣ ነው። ብዙዎች ይህን ለመጠየቅ ያፍራሉ፤ ሆኖም ፈጠን ብለው ሲራመዱ ጡታቸውን የሚያማቸው እናቶች እንቅስቃሴውን የሚተዉት በዚሁ ምክንያት ነው። የምታጠባ እናት ከመውጣቷ በፊት ሕፃኑን ታጥባ፤ ጡቷ ሲቀልላት ጉዞውም ይቀላታል። ማስያዣው ደግፎ የሚይዝ እንጂ የሚጨፈልቅ አይሁን፤ አጥብቆ የሚጫን ከሆነ ወተት ሊቋጠር ይችላል። ስትመለስም ታውልቀው።

ቤት ውስጥ ያለውን ለምን እንገዛለን?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ ይመክራል። ለሁለተኛው ሰዎች ዳምቤል ይገዛሉ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነውና ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ሞልተው በእጅ ቢያነሡት 2 ኪሎ አነሡ ማለት ነው፤ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ደግሞ እጀታውም የተመቸ ነው። ለምንጣፍ ሰሌን ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ይበቃል። የዝላይ ገመድ ርካሽ ስለሆነ ቢገዛ አይከፋም፤ ሆኖም ከባድ ክብደት ላላቸው፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸውና ሽንት ለሚያመልጣቸው ሰዎች አይሆንም።

ሕፃን ያላት እናት ደግሞ አንቀልባ አላት። አንገቱን የቻለ የ6 ኪሎ ሕፃን አዝላ ግማሽ ሰዓት የምትራመድ እናት፣ ሌላው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ጀርባው ላይ የሚያስረውን ሸክም በነጻ ተሸክማለች። መሮጥ ግን አይገባም።

እዚህ ላይ ለአባወራዎች አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ለሚስቱ ውድ ማሽን ገዝቶ «በይ እንግዲህ ክሺ» የሚል ባል፣ በየቀኑ ለአርባ ደቂቃ ልጁን ይዞላት እንድትወጣ ቢያደርግ ማሽኑ ከሚሰጣት የበለጠ ይሰጣታል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ጨለማ ነው፤ ውሻም አለ። ልጅ የሚይዝ ዘመድ ካለ አብረው ቢወጡ ለእሱም ቦርጭ ይበጃል።

መሮጫ ማሽኑ

ትሬድሚል ጥሩ ዕቃ መሆኑን አንክድም። ዝናብ፣ ጭቃና ጨለማ የማይበግረው ስለሆነ በክረምት ይጠቅማል። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሮጡበት ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤት አይተኛም፤ ቢበላሽ መለዋወጫው በቀላሉ አይገኝም። በየቤቱ የልብስ መስቀያ ሆኖ የቀረውን ቁጥር ጎረቤት ለጎረቤት ይተዋወቃል። የግድ ማሽን ይገዛ ከተባለ ባለበት የሚነዳው ብስክሌት ይሻላል፤ ጉልበት ላይ የሚያሳርፈው ጫና አነስተኛ ነው፤ ድምፁም ያን ያህል አይረብሽም፤ ብዙዎቹ ያለ መብራት ይሠራሉ። ያም ሆኖ ሁለት ወር ሙሉ ሳያቋርጡ በእግር ከተራመዱ በኋላ ይግዙት። ሁለት ወር ያልተራመደ ሰው ማሽኑ ላይም አይወጣም። ጂም ለመግባት የሚያስቡም የዓመት ቅናሽ ቢቀርብላቸው እንኳ መጀመሪያ የአንድ ወር ብቻ ይክፈሉ።

እርምጃ ለሚቆጥር ሰዓትም መቸኮል አያስፈልግም፤ ብዙ ስልኮች ይህን ያለ ተጨማሪ ገንዘብ ይሠራሉ። «በቀን 10,000 እርምጃ» የሚለው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ከተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም የመጣ ነው። ከዚያ ያነሰ እርምጃም ለጤና እንደሚጠቅም በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

ከሁሉ የሚረክሰው መሣሪያ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ወገብዎን በእምብርትዎ ትይዩ፣ ሳይስቡ፣ ትንፋሽዎን አውጥተው ይለኩ። ለሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር፣ ለወንድ ከ94 ሳንቲ ሜትር ሲበልጥ የስኳርና የልብ በሽታ ሥጋት ይጨምራል። ሚዛኑ ባይንቀሳቀስም ሜትሩ ሲቀንስ ብዙ ጊዜ ይታያል። ሚዛን ግን አይግዙ፤ ክሊኒክ ውስጥ በነጻ አለ።

አርባ ቀኗን ያልጨረሰች አራስ በቀስታ ከመራመድ አልፋ ሆድን የሚያስጨንቅ እንቅስቃሴ አትጀምር። በቀዶ ሕክምና የወለደች ከሆነ ደግሞ ሐኪሟን ሳታማክር አትነሣ።

ሻዩና መርፌው

ከዕቃዎቹ ጎን ለጎን የሚሸጠው የማክሻ ሻይ ከሁሉም ይልቅ ያሳስበናል። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው ሰና የተባለ ቅጠል ሲሆን፣ ሥራውም ማስቀመጥ ነው። የሚወጣው ውኃና ሰገራ እንጂ ስብ አይደለም። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ሴት ብርቱ ተቅማጥ ከሁለት ቀን በላይ ከቆየባት እንክብሉ በደንብ ላይሠራ ይችላል፤ እንክብል እንደረሳች ቆጥራ መጠንቀቅ ይኖርባታል። ለመክሳት ሻይ የጠጣች ሴት ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች ማለት ነው። የማክሻ እንክብሎቹም የባሱ ናቸው። ሲቡትራሚን የተባለው መድኃኒት ለልብና ለአንጎል አደገኛ ሆኖ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላም «ከዕፅዋት የተዘጋጀ» በሚል ስም በሚሸጡ እንክብሎች ውስጥ ተደብቆ ተገኝቷል።

በየሦስት ወሩ የሚወሰደውን መርፌ በተመለከተ፣ ክብደት መጨመሩ ሐሜት ብቻ አይደለም። ተጠቃሚዎች በአማካይ በዓመት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይጨምራሉ፤ ምንም የማይጨምሩ አሉ፤ ከዚያ በላይ የሚጨምሩም አሉ። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ እናቶች ለማንም ሳይናገሩ ቀጠሯቸውን ይተዉና በምትኩ ቀበቶና ሻይ ይገዛሉ። ጤነኛ ክብደት ያላት ሴት በአንድ እርግዝና ከ11 እስከ 16 ኪሎ መጨመሯ የተለመደ ስለሆነ፣ ነገሩ ከሁለት ኪሎ ለማምለጥ ወደ አሥራ አምስት መሄድ ይሆናል። መርፌው አልተስማማኝም የምትል እናት ቀጠሮዋ ከማለፉ በፊት ትምጣ። ሆርሞን የሌለበት ሉፕ ክብደት አይጨምርም፤ ሌሎች አማራጮችም አሉ። ስትመጣ በየወሩ የለካችውን ወገብ በወረቀት ጽፋ ብትይዝ፣ ነርሷ በካርዱ ላይ ካለው የመጀመሪያ ቀን ክብደት ጋር አስተያይታ፣ ጭማሪው ከመርፌው ይሁን ከሌላ ምክንያት አብረው ሊያዩት ይችላሉ።