ምች ከፀሐይ ብቻ አይመጣም

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፀሐይ ትበረታለች። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን የሚያከብረው በዚህ ቀን ነው። ፈረሶቹ አጊጠው፣ ጋላቢዎቹ ጋሻና ዘንግ ይዘው ሜዳው ላይ ሲሽቀዳደሙ ይውላሉ፤ ተመልካቹም ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ያያል። ነፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ ብዙም አይታወቅም። ብርዱ ግን ያታልላል። እንጅባራም ሆነች ከእሷ ብዙም የማይርቀው የዘንገና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። እንዲህ ካለ ውሎ በኋላ ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ ቁስሎች የወጡበት ሰው ምክንያቱን ማንንም አይጠይቅም። ምች መታው፤ አለቀ።

በአገራችን ምች ሰፊ ነገር ነው። ራስ ምታቱም፣ ትኩሳቱም፣ ብርድ ብርድ ማለቱም ምች ይባላል። ቅባት ያለው ነገር በልቶ አፍን ሳይታጠቡ ፀሐይ ላይ መውጣት፣ ላብ ላይ ነፋስ መመታት ያመጣዋል ተብሎ ይታመናል። ከዚህ ሁሉ መካከል በከንፈርና በከንፈር ዙሪያ የሚወጣው ቁስል ግን በሕክምና አንድ የታወቀ ባለቤት አለው፤ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ ዓይነት አንድ ይባላል።

አባቶችና እናቶች ፀሐይን መክሰሳቸው ከንቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1991 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ይህንኑ በሙከራ አሳይቷል። ከንፈራቸው ላይ ይህ ቁስል በተደጋጋሚ የሚወጣባቸው 38 ሰዎች ለአልትራቫዮሌት ጨረር ተጋለጡ። መከላከያ የሌለው ቅባት ተቀብተው ሲጋለጡ ከመቶ 71 ያህሉ ቁስሉ ተመለሰባቸው፤ እነዚያው ሰዎች የፀሐይ መከላከያ ተቀብተው ሲጋለጡ ግን አንዳቸውም ላይ አልወጣም። በዓል የሚያይ ሰው ባርኔጣ ቢያደርግ፣ ነጠላዋን የተከናነበች ሴት ጫፉን ወደ ከንፈሯ ሳብ ብታደርገው፣ የሚችል ደግሞ የፀሐይ መከላከያ ያለው የከንፈር ቅባት ቢቀባ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ፀሐዩ ቀስቃሽ እንጂ አምጪ አይደለም። የባህሉ ዕውቀት ያላየው ይህንን ነው። ቫይረሱ ቀድሞ ሰውነት ውስጥ ካልገባ የዓመት ፀሐይ ቢመታም ይህ ቁስል አይወጣም፤ የሚገባው ደግሞ ከሌላ ሰው ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በልጅነት ነው። እናት፣ አያት ወይም አክስት ልጁን ስትስመው፣ ምራቅ የነካውን ጣት ልጁ አፉ ውስጥ ሲከት፣ ምግብ አላምጠው ሲያጎርሱት ይተላለፋል። ቫይረሱ ከገባ ከ2 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አንዳንዱ ልጅ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ድዱ ይቀላል፣ አፉ ውስጥ ይቆስላል፣ ምግብ እምቢ ይላል። በሌላው ላይ ምንም ሳይታይ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በቅርቡ ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑ ሰዎች 3.8 ቢሊዮኑ፣ ማለትም 64 በመቶው፣ ይህን ቫይረስ ይዘው ይኖራሉ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ግምት ደግሞ የአፍሪካን ድርሻ 87 በመቶ ያደርሰዋል። በአንድ የቡና ስኒ ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል ቫይረሱ የሌለበትን መፈለግ ይቀላል ማለት ነው።

አንዴ ከገባ አይወጣም። የከንፈሩ ቁስል ሲሽር ቫይረሱ በነርቭ ተጉዞ ከራስ ቅል ሥር፣ ከጆሮ ፊት ለፊት ባለ የነርቭ ቋጠሮ ውስጥ እንደ ተዳፈነ እሳት ይቀመጣል። ፀሐይ፣ ትኩሳት፣ ጉንፋን፣ ድካም፣ ጭንቀት ወይም የወር አበባ ሲቀሰቅሰው በዚያው ነርቭ ተመልሶ ወደ ከንፈር ይመጣል። በሁሉም ሰው ላይ ግን አይመለስም፤ ብዙው ሰው ዕድሜ ልኩን ይዞት ሳያውቀው ይኖራል። የሚመለስበት ሰው ምልክቱን ያውቀዋል። መጀመሪያ ከንፈሩን ይቆጠቁጠዋል፣ ይበላዋል። በአንድ ቀን ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ ይፈነዳሉ፣ ይቆስላሉ፣ ይቀረፍታሉ፤ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ምንም ጠባሳ ሳይተው ይድናል።

ከመቆጥቆጡ ጀምሮ ቅርፊቱ ወድቆ ቆዳው እስኪመለስ ድረስ ያለው ጊዜ በጣም የሚተላለፍበት ነው። ቁስል በሌለበት ቀንም ቫይረሱ አልፎ አልፎ በምራቅ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የመተላለፍ ዕድሉ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ዋናው መንገድ ቆዳ ለቆዳ፣ ከንፈር ለከንፈር መነካካት ነው። ዋንጫና ብርጭቆ ያላቸው ድርሻ ትንሽ ቢሆንም ቁስሉ እርጥብ ሆኖ ሳለ የራስን ብርጭቆ መለየት አይከፋም። በእጅ መጨባበጥ፣ በትከሻ ሰላምታ፣ አብሮ በመቀመጥ አይያዝም። ጉርሻም አይቅር፤ ከንፈሩ የቆሰለ ሰው ግን ጎራሽ ሆኖ የሌላው ጣት ከንፈሩን ባይነካው ይሻላል።

በሰላምታችን ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ግን በእርግጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አራስ ቤት።

ሴት ስትወልድ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ ገንፎ ይበላል፣ ሕፃኑን ያቅፋል፣ ይስማል። አረጋውያኑ «እትፍ እትፍ» ብለው ይመርቃሉ። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሱ ድረስ ያለው ጊዜ የጉብኝት ጊዜ ነው። ሄርፒስ ለሕፃን እጅግ አደገኛ የሚሆነውም ከተወለደ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ነው፤ አራስ ሕፃን ቫይረሱን የሚቋቋምበት አቅም ስለሌለው ወደ አንጎልና ወደ ጉበት ሊዘልቅ፣ ሊገድልም ይችላል። ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ100,000 ወሊድ በ10 ያህሉ እንደሚከሰት ይገምታል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በወሊድ ጊዜ ከእናት ብልት የሚተላለፉ ናቸው። ቢሆንም በመሳም የሚመጣውን ማስቀረት ምንም ወጪ የለውም። ከንፈሯ ላይ የወጣባት እናት ራሷ ልጇን ከመሳም ተቆጥባ፣ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ አፏን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና ማጥባቷን ትቀጥል፤ ጡቷ ላይ ቁስል ከሌለ ወተቷ አይጎዳውም። አስቸጋሪው እንግዳዋን አዛውንት መከልከል ነው። «እማማ፣ ከንፈርዎ ላይ ምች ወጥቶብዎታል፤ ለዛሬ ከሩቅ ይመርቁልኝ» ማለት ነውር ሊመስል ይችላል። የቤቱ አባወራ ወይም አራሷን የምታርስ እናት ብትለው ይቀላል፤ አራሷ ላይ መጣል ግን ትክክል አይደለም።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ ዳማከሴ ይቀድማል። በየጓሮው የሚበቅለው ይህ ተክል የምች መድኃኒት ተብሎ ይታወቃል፤ ቅጠሉ ይታሻል፣ ጭማቂው ይሸተታል፣ ይቀባል፣ በቡናም ይጠጣል። በአይጦች ላይ በተደረጉ የቤተ ሙከራ ጥናቶች ትኩሳትንና ሕመምን የማስታገስ ባሕርይ ታይቶበታል፤ ስለዚህ የሚሻለው ሰው ውሸቱን አይደለም። ቫይረሱን ከነርቭ ቋጠሮው የሚያወጣ መድኃኒት ግን እስካሁን የለም፤ ዳማከሴም፣ የፋርማሲው አሲክሎቪርም አያወጡትም። አሲክሎቪር የቫይረሱን መራባት ይገታል። ከፈጣሪዎቹ አንዷ የሆነችው አሜሪካዊቷ ገርትሩድ ኤልየን ለመድኃኒት ሥራዎቿ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተጋርታለች። ክኒኑ የሚጠቅመው ገና ከንፈር ሲቆጠቁጥ ሲጀመር ነው፤ ቁስሉ ከቀረፈተ በኋላ የተገዛ ቅባት ገንዘብ ማባከን ነው። ስንት ጊዜና በምን መጠን እንደሚወሰድ የጤና ባለሙያ ይወስን።

በየቤቱ ለሁሉም ነገር የሚቀባው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት እዚህ ላይ ምንም አይሠራም፤ የሚገድለው ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይደለም። ለማሳከክ የሚሸጡ የስቴሮይድ ቅባቶች ደግሞ ጭራሽ ሊያባብሱት ይችላሉ። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ማሸት ቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው። ቁስሉን የነካ እጅ ሳይታጠብ ዓይንን ቢያሽ ቫይረሱ ወደ ዓይን ሊሻገር ይችላል። ትራኮማ በሚበዛበት በአማራ ክልል የቀላ ዓይን ሁሉ ትራኮማ ሊመስል ይችላል፤ ዓይን በአንድ ወገን ቀልቶ ከታመመ፣ ብርሃን ማየት ካስቸገረ ወይም ዕይታ ከደበዘዘ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ሌላው አደጋ ምች የተባለው ትኩሳት ወባ ሆኖ መገኘቱ ነው። ከደጋው ወደ ጃዊ ቆላ ለሥራ ወርዶ የተመለሰ ወጣት ትኩሳት ይዞት ከንፈሩ ላይ ሲወጣበት ቤተሰቡ ዳማከሴ ያሽለታል። ወባ የሚያመጣው ትኩሳት ራሱ የተኛውን ሄርፒስ ይቀሰቅሳል። የከንፈሩ ቁስል በሳምንቱ ይድናል፤ ወባው ግን ካልታየለት ሊገድለው ይችላል። ቆላ የዋለ ሰው ትኩሳት ከያዘው ከዳማከሴው በፊት የደም ምርመራ ይቅደም።

ጥር የፈረስ ብቻ ሳይሆን የሠርግም ወር ነው። ከጥምቀት በኋላ፣ ዓቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት፣ በየመንደሩ ድንኳን ይተከላል። ተጋቢዎች የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግን ለምደዋል፤ ብዙ አጥቢያዎችም ውጤቱን ይጠይቃሉ። ሄርፒስ ግን በዚያ ምርመራ ውስጥ የለም፤ ምልክት ለሌለው ሰው የደም ምርመራውም አይመከርም፤ አብዛኛው ሰው ስለሚኖርበት ውጤቱ የሚነግረው አዲስ ነገር የለም። የሚቀረው መነጋገር ነው።

ንግግሩ የሚከብደው ሄርፒስ የሚያዘው በወሲብ ብቻ ነው በሚል የተሳሳተ ግምት ምክንያት ነው። በቡና ላይ «ምች ወጣብኝ» ያለች ሴት ማንም አይጠረጥራትም። እሷው ጤና ጣቢያ ሄዳ «ሄርፒስ ነው» ከተባለች ግን ዝም ትላለች፤ ባሏም ከሰማ «ከየት አመጣሽው?» ይላል። ያ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ወይም መልሱ ምናልባት ከ20 ዓመት በፊት የሳመቻት አያቷ ናት። በከንፈር ላይ የወጣ ሄርፒስ ማንም ማንንም እንደከዳ አያስረዳም። ዘግይቶ መውጣቱም በቅርብ ለመያዙ ማስረጃ አይሆንም። ይህን ሳያውቁ በጥርጣሬ ትዳር የሚያፈርሱ ካሉ ያሳዝናል።

እጮኛሞች መቼ ይነጋገሩ? ቁስሉ በወጣበት ቀን መጀመር ቀላል አይደለም፤ ደህና ሆነው ሳሉ ይሻላል። አንድ ወጣት «ከልጅነቴ ጀምሮ አልፎ አልፎ ከንፈሬ ላይ ምች ይወጣብኛል። ለካ ይተላለፋል፤ ሲወጣብኝ እስኪድን አንሳሳምም። ሳይወጣም አንዳንድ ጊዜ ሊተላለፍ ይችላል ተብያለሁ። አንቺ ላይስ ወጥቶ ያውቃል?» ቢል በቂ ነው። ምናልባት «እኔም ላይ ይወጣል» የሚል መልስ ያገኛል፤ የብዙዎቹ ጥንዶች ታሪክ ይኸው ነው።

ሳይነገር የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። ከንፈር ላይ የሚወጣው ቫይረስ በአፍ በሚደረግ ወሲብ ወደ ብልት ይተላለፋል። ስለዚህ ከንፈሩ የሚቆጠቁጠው ወይም የቆሰለ ሰው ከመሳም ብቻ ሳይሆን ከዚህም መቆጠብ አለበት። ኮንዶም አደጋውን ይቀንሳል፤ የማይሸፍነው ቆዳ ስላለ ግን ሙሉ በሙሉ አይከላከልም። በአብዛኛው የብልት ሄርፒስ የሚያመጣው ወንድሙ ዓይነት ሁለት ነው፤ እሱ በኤች አይ ቪ የመያዝን ዕድል ሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚያሳድግ ብልት ላይ የወጣ ቁስል በምንም ምክንያት ቤት ውስጥ የሚታከም አይደለም።

ሄርፒስ የሚለውን ስም የመፍራቱ ነገር የሌላ በሽታ ትዝታም አለበት። አልማዝ ባለጭራ የዚሁ ቫይረስ ዘመድ የሆነ ሌላ ቫይረስ የሚያመጣው በሽታ ነው፤ በልጅነት ውሃ የሚቋጥር ሽፍታ (ጉድፍ) አምጥቶ ሰውነት ውስጥ የተደበቀው ያ ቫይረስ ሲመለስ ይወጣል። ኤች አይ ቪ በበረታባቸው ዓመታት እንደ ምልክቱ ስለተቆጠረ የወጣበት ሰው ይገለል ነበር። የከንፈር ቁስል ከዚያ ጋር አይምታታ፤ በጤነኛ ሰው ላይም በየጊዜው ይወጣል። ልዩነቱ በቆይታው ላይ ነው። ከአንድ ወር በላይ ያልሻረ የሄርፒስ ቁስል በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው ላይ የመጨረሻው፣ የአራተኛው ደረጃ ምልክት ነው፤ ስለዚህ እንዲህ የቆየ ቁስል ያለበት ሁሉ ይመርመር።

እርጉዝ ሴት ለክትትል ስትሄድ እሷ ወይም ባሏ ብልት ላይ ቁስል ወጥቶባቸው የሚያውቅ ከሆነ ለአዋላጇ ትንገራት። በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ መያዝ ለሕፃኑ ከሁሉም የከፋ ነው፤ አዋላጇ ቀድማ ካወቀች መድኃኒቱን፣ ካስፈለገም በቀዶ ሕክምና መውለዱን ከሐኪም ጋር ትወስናለች። ከንፈሩ ላይ የሚወጣበት ባልም በእነዚያ ወራት በአፍ ከሚደረግ ወሲብ ጨርሶ ይቆጠብ።