ለጠረፉ ማን ይናገራል? ከሽኩና ቤት እስከ ክነሴት

በቤርሼቫ ሽኩና ቤት የማስጠንቀቂያው ጩኸት ሲሰማ፣ ሮኬቱ ከጋዛ የተተኮሰ ከሆነ፣ ነዋሪው ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። አንድ ደቂቃ ለጎረምሳ ይበቃል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖር፣ ጉልበቷን ለሚያማት እናት ግን ደረጃውን ወርዳ ሚክላቱ በር ላይ ለመድረስ አይበቃም። በሰፈሩ ካሉት ሕንፃዎች ብዙዎቹ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ለአዳዲስ ገቢዎች በጥድፊያ የተሠሩ ናቸው። በአዲስ ቤት ውስጥ ማማድ የግድ እንዲሠራ የታዘዘው ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት የሚኖር ሰው ያለው ምርጫ የጋራ ሚክላት፣ የጎረቤት ቤት ወይም የደረጃው ሥር ነው።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 19 ቀን 2025 ከኢራን የተተኮሰ ሚሳይል የሶሮካ ሆስፒታልን መታ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ የተኩስ አቁሙ ሊጀምር ሲል፣ ሌላ ሚሳይል እዚያው ቤርሼቫ ውስጥ የመኖሪያ ሕንፃ መትቶ አራት ሰዎችን ገደለ። በካርታ ሲታይ ከተማዋ ከጋዛ አጥር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለነዋሪዎቿ ግን ጠረፉ ደጃቸው ከደረሰ ቆይቷል።

እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የኛ ተወካይ ማን ነው? ለማን አቤት እንበል?» ብሎ ነው። በእስራኤል የዚህ ጥያቄ መልስ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም።

ወረዳ የሌለው ምርጫ

በኢትዮጵያ፣ በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ የፓርላማ አባል የሚመረጠው ከወረዳው ነው። የጠረፍ ወረዳ ሰው የራሱን እንደራሴ በስም ያውቀዋል፤ መንገዱ ሲበላሽ፣ ክሊኒኩ ሲዘጋ፣ ድንበሩ ሲታመስ የሚጠይቀው እሱን ነው። በእስራኤል ግን መላ አገሪቱ አንድ የምርጫ ክልል ናት። መራጩ ፖስታው ውስጥ የሚያስገባው የፓርቲ ወረቀት ነው፤ 120ዎቹ የክነሴት አባላት ከፓርቲዎቹ ዝርዝር ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተሻሻለው ሕግ ደግሞ ከጠቅላላው ድምፅ 3.25 በመቶ ያላገኘ ፓርቲ ክነሴት እንዳይገባ ይከለክላል።

ስለዚህ ስዴሮት፣ ነቲቮት፣ ኦፋኪምም ሆነ ሽኩና ቤት በሕግ «የራሳቸው» የሚሉት የክነሴት አባል የላቸውም። ነገሩ ሳይታሰብበት የቀረ አይደለም። በፕሮፌሰር መናሄም ማጊዶር ይመራ የነበረው የፕሬዚዳንቱ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ከአባላቱ ግማሹ በወረዳ እንዲመረጡ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ ሕግ ሳይሆን ቀረ።

አባል የሚመረጠው በወረዳ ባለመሆኑ የአንድ ሰፈር ጉዳይ ክነሴት የሚደርሰው በሌላ መንገድ ነው። ወይ ከአካባቢው የመጣ ሰው በፓርቲ ዝርዝር ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ያገኛል፣ ወይ ኮሚቴ የሚመራ አባል ጉዳዩን ያነሳዋል፣ ወይ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ተደራጅቶ ይጮኻል። የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ሦስቱንም ሞክሯል።

ከቤርሼቫ የመጣው ረቢ

የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ-እስራኤላዊ የክነሴት አባል አዲሱ መሰለ ናቸው፤ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ያ ዓመት የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ሲደፋ መኖሩን የሰሙ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖች ኢየሩሳሌም ላይ የወጡበት ዓመት ነበር። ሕዝቡ አስቀድሞ አደባባይ ወጣ፣ ወንበሩ ከዚያ በኋላ መጣ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሽሎሞ ሞላ በካዲማ፣ ረቢ መዞር ባሃይና በሻስ በኩል ክነሴት ገቡ። ባሃይና በቤርሼቫ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ረቢ ነበሩ፤ ለከተማዋ ወገኖች በክነሴት ውስጥ ከሰፈራቸው የወጣ ሰው አየን ማለት ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ክነሴት የስግድን በዓል በሕግ አጸደቀ። ረቂቁን ያቀረቡት ግን ኢትዮጵያዊ ያልሆኑት ኡሪ አሪኤል ነበሩ። ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው የግድ ከራስ ወገን መሆን እንደሌለበት አንዱ ምስክር ይህ ነው።

የባሃይና ቆይታ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ምርጫ ተደረገ። በዚያችው አጭር ጊዜ ግን የቤርሼቫ ታሪክ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2008 ከጋዛ የተተኮሰ ግራድ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማዋን መታ፤ የወደቀውም መዋዕለ ሕፃናት ላይ ነበር። ደግነቱ ባዶ ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ «የጠረፍ ከተማ» ማለት ስዴሮት ብቻ መሆኗ ቀረ።

ሰባት ኪሎ ሜትር

ሕጉ ግን ጠረፉን የሚለካው በኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ለስዴሮትና ለምዕራብ ነጌቭ መንደሮች እርዳታ የሚሰጠው ሕግ የጋዛ ዙሪያ መንደሮችን ሲተረጉም፣ ቤቶቻቸው በሙሉ ወይም በከፊል ከአጥሩ እስከ 7 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚገኙትን ይላል። ከመስመሩ ወዲህ ያለው ሰው የተለየ ድጋፍ ይገባዋል፤ ከመስመሩ ወዲያ ያለው ግን አይገባውም።

ይህ መስመር እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 7 ቀን 2023 በኋላ ከባድ ጥያቄ ተነሣበት። በዚያ ቀን ታጣቂዎች ከጋዛ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ወደምትርቀው ኦፋኪም ገብተው በርካታ ነዋሪዎችን ገደሉ። ሶሮካ በዚያን ዕለት ከ600 በላይ ቁስለኞችን ተቀበለ። መንግሥት ለጋዛ ዙሪያ የመልሶ ማቋቋም ሥራ የተቁማ አስተዳደርን ሲያቋቁም ግን የሥራ ክልሉ በዚያው በ7 ኪሎ ሜትሩ ልክ ሆነ። የኦፋኪም ሰዎች «እኛስ?» ብለው ጠየቁ፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ነፍሰ ገዳይ ሲመጣ ኪሎ ሜትር አልቆጠረም።

የክነሴት አባል ሥራ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። መስመሩን የሚያሰፋው፣ የሚያጠበውና ልዩ ሁኔታ የሚያስገባው በኮሚቴ ውስጥ የሚደረግ ክርክር ነው።

አንድ ድምፅ ሲከብድ

አንድ የክነሴት አባል ብቻውን ምን ያህል ሊሠራ ይችላል? የግል ረቂቅ ሕግ ቅድመ ንባብ፣ ከዚያም አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ንባብ ያልፋል፤ በመካከሉ ኮሚቴ አለ። የመንግሥትን ካዝና የሚነካ ረቂቅ ከሆነና መንግሥት ካልተስማማ ቢያንስ የ50 አባላት ድጋፍ ያስፈልገዋል። ለምሳሌ በጠረፍ አካባቢ ያሉ አሮጌ ቤቶች በመንግሥት ወጪ ማማድ ይሠራላቸው የሚል ረቂቅ ይህን አጥር መዝለል አለበት። ረቂቅ አቅርቦ በፌስቡክ ማሳየት ቀላል ነው፤ ማስጸደቅ ሌላ ነው።

ከጸደቀም በኋላ ነገሩ አያልቅም። የአሚዳርና የሌሎች የሕዝብ ቤቶች ተከራዮች ቤታቸውን በቅናሽ እንዲገዙ የሚፈቅደው የራን ኮሄን ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ከበጀት ጋር በሚያልፈው በሖክ ሀሄስደሪም በኩል ግን አፈጻጸሙ ለዓመታት ሲገፋ ኖረ። ሕግ ወጣ ማለት ቁልፍ እጅ ገባ ማለት አይደለም።

የአብርሃም ንጉሤ ነገር የተለየ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 መንግሥት በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚጠብቁ ወደ 9 ሺህ የሚሆኑ ሰዎችን ለማምጣት ወሰነ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ «በጀት የለም» ተባለ። ጥምር መንግሥቱ ያኔ የነበረው 61 መቀመጫ ብቻ ነበር። የሊኩዱ ንጉሤና የፓርቲ ባልደረባቸው ዴቪድ አምሳለም ጉዳዩ እስኪፈታ ከጥምሩ ጋር ድምፅ አንሰጥም አሉ። በሚያዝያ 2016 ስምምነት ተደረሰ፤ በጥቅምት የመጀመሪያዎቹ 63 ሰዎች አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ። ሁለት ሰዎች ሒሳቡን አውቀው ስለቆሙ መንግሥት ቃሉን አስታወሰ። የሚጠብቁት ሁሉ ግን በዚያ አልመጡም፤ ብዙ ቤተሰብ ዛሬም ወንድሙን፣ እናቱን ይጠብቃል።

ኮሚቴውን የሚመራ

ሌላው መንገድ የኮሚቴ ወንበር ነው። በሦስት ዓመታቸው በሱዳን በኩል የመጡት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በክነሴት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት የሆኑትና በኋላም የአሊያና ቅልቅል ሚኒስትር የነበሩት ፕኒና ታመኖ ሻታ፣ በ25ኛው ክነሴት የሴቶች ጉዳይ ኮሚቴን መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ኮሚቴው በጥቅምት 7 በሴቶች ላይ የደረሰውን ወሲባዊ ጥቃት ጉዳይ ጠረጴዛ ላይ አወጣ፤ ባለሥልጣናትም ቀርበው ተጠየቁ። በዚያው ክነሴት ሞሼ ሰሎሞን ከሃይማኖታዊ ጽዮናዊነት፣ ጸጋ መላኩ ከሊኩድ ተቀምጠዋል። ሦስቱ በፖለቲካ አይስማሙም። ሆኖም ለሽኩና ቤት ሰው ሦስቱም አማርኛ የሚሰሙ በሮች ናቸው።

ካልተናገሩ

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል የአገራችን ሰው። የክነሴት አባል በወረዳ ስለማይመረጥ ማንም ዜጋ ለማንኛውም አባል መጻፍ ይችላል፤ «የኔ ወረዳ አይደለህም» የሚል መልስ የለም። በክነሴት ውስጥ የሕዝብ አቤቱታ ኮሚቴ አለ። አባላት ሚኒስትርን በሸዒልታ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ሚኒስትሩም መልስ መስጠት አለበት። የኮሚቴ ቃለ ጉባዔና የድምፅ አሰጣጥ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እጁን እንዳነሣ ማየት ይቻላል።

የሚክላት ጉዳይ ደግሞ ሁሌ ክነሴት ድረስ አይሄድም። በሩ የተቆለፈ፣ መብራት የሌለው ወይም ውኃ የተኛበት የሕዝብ ሚክላት የዒሪያው ሥራ ነው። በሕንፃው ሥር ያለው የጋራ ሚክላት ደግሞ የነዋሪዎቹ የጋራ ኃላፊነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ብስክሌትና አሮጌ ሶፋ ሞልቶት የሚገኘውም እሱ ነው። ዕብራይስጥ የሚያነብ ልጅ ለአያቱ ደብዳቤ ቢጽፍላት፣ ጎረቤቶች በአንድነት ቢፈርሙ፣ ከአንድ ሰው ስልክ የበለጠ ክብደት አለው።

ሕጉ እንደሚለው ቀጣዩ የክነሴት ምርጫ ከጥቅምት 2026 አያልፍም። እጩዎች ወደ ቤርሼቫ መምጣታቸው፣ በስግድና በሠርግ አዳራሽ እጅ መጨበጣቸው አይቀርም። በዚያን ጊዜ የሽኩና ቤት ሰው ሊጠይቃቸው የሚገባው ጥያቄ አጭር ነው፦ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው እናት በአንድ ደቂቃ ውስጥ የት ትግባ?