ከዛፏ የወደቀች ተምር

ኢራቅ ውስጥ፣ በ658 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታጠቁ ሰዎች መንገድ ላይ ናቸው። አንዲት ተምር ከዛፏ ትወድቃለች፤ አንዱ አንስቶ አፉ ውስጥ ይጨምራታል። ዋጋዋን ሳይከፍል የሰው ንብረት መብላቱን ጓደኛው ሲነግረው ወዲያው ይተፋታል። ከመካከላቸውም አንዱ የአንድ ሙስሊም ያልሆነ ሰው አሳማ አግኝቶ በሰይፉ ይመታዋል። ጓደኞቹ ጥፋት ነው ብለው ይገሥጹታል፤ ባለቤቱን ፈልጎ ይክሳል። እነዚሁ ሰዎች ታዲያ የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ ልጅ የሆነውን አብደላህ ኢብን ኸባብን ወንዝ ዳር ወስደው ያርዱታል። ነፍሰ ጡር ሚስቱንም ሆዷን ቀደው ይገድሏታል።

ይህ ታሪክ የሚገኘው በባግዳዱ ታሪክ ጸሐፊ በጠበሪ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ሰዎቹ ኸዋሪጅ ይባላሉ። በ657 ኸሊፋ ዐሊና የሶርያው ገዥ ሙዓዊያ ሲፊን ላይ ሲዋጉ ቆይተው ጠባቸውን ለሁለት ዳኞች ለመስጠት ሲስማሙ፣ ከዐሊ ጦር የነበሩ ሰዎች «ፍርድ የአላህ ብቻ ነው» ብለው ተለዩት። በዓመቱ ዐሊ ነህረዋን ላይ ፈጃቸው፤ በ661 ከእነርሱ ወገን የሆነው ኢብን ሙልጀም ዐሊን ኩፋ ላይ ገደለው።

የተምሯን ታሪክ ያነበበ አይረሳትም። እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። ለፍሬ የሚጠነቀቅና ለሰው ደም የማይጠነቀቅ ሰው እንዲህ ጎን ለጎን ተስሎ ሲቀርብ፣ የምናነበው የሆነውን ነው ወይስ ልንማረው የተፈለገውን?

ጥያቄው ከመነሣቱ በፊት መጽሐፉ ራሱ መሰብሰብ ነበረበት። የሆላንዱ ሊቅ ደ ጉየ ከባልደረቦቹ ጋር በየአገሩ ተበታትነው የነበሩትን የጠበሪ የእጅ ጽሑፎች እያገጣጠመ ከ1879 እስከ 1901 ላይደን ላይ አሳተመ። በዚያው በ1901 ጀርመናዊው ቬልሃውዘን ስለ ጥንቱ እስልምና ተቃዋሚ ወገኖች መጽሐፉን አወጣ። ጠበሪ በ923 ሲሞት ከነህረዋን ጦርነት 265 ዓመት ርቆ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ወሬ ከእነማን እንደተቀበለ በስም ይዘረዝራል። ቬልሃውዘን ያንን የስም ሰንሰለት ይዞ ወደ ኋላ ሲሄድ በ774 የሞተውን የኩፋ ሰው አቡ ሚኽነፍን አገኘ። የአቡ ሚኽነፍ መጻሕፍት ጠፍተዋል፤ ቃሉ ግን ጠበሪ ውስጥ ተቀምጧል። ቬልሃውዘን ወደዚህ ምንጭ በመድረሱ እውነቱ አጠገብ የደረሰ መሰለው፤ ብዙዎችም ለረጅም ጊዜ ተከተሉት።

ሰንሰለቱን አንድ እርምጃ አልፎ ማየት ግን ያስፈልጋል። ጠበሪ የአብደላህን ግድያ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ይተርካል። በአንደኛው መንገድ ላይ የመጨረሻው ምስክር ስሙ አልተጠቀሰም፤ የአብዱል ቀይስ ጎሳ ሰው እንደሆነ፣ ከኸዋሪጅ ጋር እንደነበረና በኋላ እንደተለያቸው ብቻ ተነግሮናል። ጥሎ የወጣ ሰው ስለ ጣላቸው ሰዎች የሚናገረው ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ለምን እንደወጣ ማስረዳት ግን አለበት፤ ጭካኔያቸው ጎልቶ በታየ ቁጥር መውጣቱ ይጸድቅለታል። ዐሊም እንዲሁ። የተቀደደውን ሆድ ያነበበ አንባቢ፣ ኸሊፋው የገዛ ወታደሮቹ የነበሩትን ጸሎተኞች ለምን ፈጀ ብሎ አይጠይቅም።

በ1973 አልብረሽት ኖት የተባለ ሌላ ጀርመናዊ፣ በጥንቱ የዐረብ ታሪክ አጻጻፍ ውስጥ አንድ ዓይነት ትዕይንት፣ አንድ ዓይነት ንግግርና አንድ ዓይነት ደብዳቤ በየጦርነቱ እየተደጋገመ እንደሚመጣ በዝርዝር አሳየ። ከዚያ በኋላ የጥንት ምንጭ ላይ መድረስ ብቻውን በቂ ማስረጃ መሆኑ ቀረ።

ከጠበሪ ጎን የሚቆም ሌላ መጽሐፍም ነበረ። በ1883 አልዋርት የተባለ ሊቅ ደራሲው ያልታወቀ የዐረብኛ ዜና መዋዕል አሳተመ፤ ይህም በ892 ገደማ የሞተው የበላዙሪ «የመኳንንት የዘር ሐረግ» ክፍል ሆኖ ተገኘ። ሌሎች ክፍሎቹ ከ1936 ጀምሮ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ መታተም ጀመሩ።

በላዙሪ ሰፊ ቦታ ከሚሰጣቸው የኸዋሪጅ ዐመፀኞች አንዱ የበስራው አቡ ቢላል ሚርዳስ ነው። የገዥውን የዑበይደላህ ኢብን ዚያድን ግፍ መሸከም ሲያቅተው 40 ሰዎች ይዞ ከከተማ ወጣ። የመንግሥት ገንዘብ የጫኑ ሰዎች ሲያጋጥሙት የራሱንና የጓደኞቹን ደመወዝ ብቻ ቆጥሮ ወሰደ፤ የቀረውን መልሶ ለቀቀ። አስለም የተባለ አዛዥ 2,000 ወታደር ይዞ መጥቶ በእነዚያ 40 ሰዎች ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ አስለም ገበያ በወጣ ቁጥር የበስራ ልጆች «አቡ ቢላል ከኋላህ ነው!» እያሉ ይጮኹበት እንደነበር የዐረብ ጸሐፊዎች አቆይተውልናል። በመጨረሻ ሚርዳስንና ሰዎቹን ጸሎት ላይ እያሉ ደርሰው ፈጇቸው።

እዚህ ጨካኙ ማን ነው? ሐና ሌና ሃገማን በ2021 ባሳተመችው ጥናት ጠበሪንና በላዙሪን አስተያይታ ይህን አጥብቃ ጠየቀች። የደረሰችበት ነገር ከባድ ነው፦ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ኸዋሪጅ የየራሳቸው መልክ ያላቸው ሰዎች ሆነው እምብዛም አይታዩም። ጸሐፊው ስለ ሌላ ሰው የሚናገርባቸው መሣሪያ ናቸው። ዐሊ ሲነሣ ፍርዱ ትክክል እንደነበር ያሳያሉ፤ ከዐሊ በኋላ ስለ ነገሡት የኡመያ ገዥዎች ሲሆን፣ በተለይ በበላዙሪ ዘንድ፣ የገዥዎቹን ግፍ ያጋልጣሉ። እኔ በዚህ አሳማኝ ነች እላለሁ። የተምሯ ታሪክ እንዲህ ማማሩ የጸሐፊ እጅ እንዳለበት ያሳያል።

ታዲያ ከራሳቸው የቀረ ምንም የለም? አለ፤ ብር ነው። ቀጠሪ ኢብን አል ፉጃአ የተባለው፣ አዛሪቃ የሚባለው የኸዋሪጅ ክንፍ መሪ ፋርስ ውስጥ ያስመታቸው የብር ሳንቲሞች ዛሬም አሉ። በፊታቸው ክንፍ ያለው ዘውድ የደፋ የሳሳኒድ ንጉሥ፣ በጀርባቸው ሁለት ጠባቂዎች የቆሙበት የእሳት መሠዊያ ተቀርጿል፤ የቀድሞው የፋርስ ገንዘብ መልክ ነው። የቀጠሪ ስም በፋርስ ፊደል፣ «የምእመናን አዛዥ» ከሚለው የኸሊፋ ማዕረግ ጋር ተጽፏል። ጠርዙ ላይ ደግሞ በዐረብኛ ያው የሲፊን ቃል አለ፦ ፍርድ የአላህ ብቻ ነው። ዜና መዋዕሎቹ ቀጠሪን በአብዛኛው የሚያሳዩን ከጄነራል ሙሀለብ ጋር ሲዋጋ ነው። ሙሀለብ የአዝድ ጎሳ ሰው ነበር፤ የጠበሪ ምንጭ የሆነው አቡ ሚኽነፍም እንዲሁ። ሳንቲሙ ግን በገዛ ስሙ ገንዘብ ያስመታ፣ ራሱን ኸሊፋ ያደረገ ሰው ያሳየናል።

አንድ ጽሑፍም ተርፏል። ሳሊም ኢብን ዘክዋን የተባለ፣ ከአዛሪቃ የተለየው የኢባዲ ክንፍ ሰው የጻፈው መልእክት በዖማን የእጅ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቶ በ2001 በፓትሪሺያ ክሮንና በፍሪትስ ጺመርማን ታተመ። ኢባዲዎች ዛሬም በዖማን፣ በአልጄሪያው ምዛብ፣ በሊቢያው ነፉሳ ተራራና በቱኒዚያዋ ጀርባ ደሴት ይኖራሉ፤ ነህረዋን ላይ የወደቁትንም በክብር ያነሣሉ። መልእክቱን የከፈተ አንባቢ ለዐመፀኞቹ ሁሉ ጥብቅና ይጠብቅ ይሆናል። ሳሊም ግን አዛሪቃዎችን ሌሎች ሙስሊሞችን እንደ ጣዖት አምላኪ ቆጥረው ስለ መግደላቸው፣ ሴቶችና ልጆችንም ስለ መማረካቸው አጥብቆ ይኮንናቸዋል። እንግዲህ የደሙ ክስ ሁሉ የጠላት ፈጠራ አልነበረም፤ የተከሰሱት ግን እርስ በርሳቸው የሚከራከሩ፣ ድንበራቸው የት እንደሆነ የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ።