ተጨማሪ መረጃ፦ አነባበሮ፣ በመሃሉ ቅመም የያዘ ዳቦ

በመሃሉ ጣፋጭ፣ አትክልት ወይም ሥጋ የሚደረግበት ዳቦ በብዙ አገር አለ። በእኛ ዘንድ ለዚህ የሚቀርበው አነባበሮ ነው። የቦካ ወፈር ያለ ሊጥ በምጣድ ይጋገርና ይነሣል፤ ሌላ ሊጥ ይፈስሳል፤ ይህ ሳይበስል የመጀመሪያው ይነባበርበትና አንድ ላይ ይጣበቃሉ። በበርበሬና በቅቤ ይታሻል፤ በጾም ዘይት ቅቤውን ይተካል። ኮምጣጣው ሊጥ፣ የሚያቃጥለው በርበሬና ለስላሳው ቅቤ በአንድ ጉርሻ ይገናኛሉ።

ቅቤ ለምን? በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር በውኃ እምብዛም አይሟሟም፤ በቅባት ግን ይሟሟል። የበርበሬው ቀይ ቀለምም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቅባቱ ጣዕሙን ለዳቦው ሁሉ ያዳርሳል።

በመንዝ በምትገኘው በሞላሌስ? መንዝ የገብስ አገር ነው። የገብስ ሊጥ እንደ ስንዴ ጠንካራ የግሉተን መረብ ስለማይሠራ አየር በደንብ አይቋጥርም፤ ዳቦው ደፈን ይላል። ስንዴ ሲቀላቀልበት ይሻሻላል። የደጋው ብርድም እርሾውን ስለሚያዘገየው ሊጡ ከቆላው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

ተግባር፦ አንድ ቁንጥር በርበሬ በውኃ፣ ሌላውን በሞቀ ዘይት በጥብጡ። የትኛው ይበልጥ እንደቀላ ተመልክታችሁ ምክንያቱን ለክፍል ጓደኞቻችሁ አስረዱ። ዘይቱን የሚያሞቀው አዋቂ ሰው ይሁን።