«ይጠዘጥዘኛል» በደች ምን ይባላል?

የወደቅሁት ረቡዕ ጠዋት ነው። ዴን ሃግ ከተማ፣ ትራንስቫል ሰፈር ውስጥ በቢስክሌት ወደ ገበያ እየሄድኩ ነበር። የፊት ጎማዬ የትራም ሐዲድ ውስጥ ገባ። ቢስክሌቱ ቆመ፤ እኔ ግን አልቆምኩም። ልነሳ ስሞክር ቀኝ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ነበር።

እዚህ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ አንባቢዎች ትስቁብኝ ይሆናል። ሐዲድ ቀጥ ተብሎ እንጂ በሰያፍ እንደማይቋረጥ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ታውቃላችሁ። እኔ ግን ቢስክሌት መንዳት የተማርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ኔዘርላንድስ በመጣሁ በሦስተኛው ወር ነው።

የመጣሁት ለወንጌል አገልግሎት ነበር። አዲስ አበባ ያለችው ቤተ ክርስቲያኔ ለሁለት ዓመት ልካኛለች። ሥራዬ የኢትዮጵያውያንን ቤተሰቦች ቤት ለቤት መጎብኘትና ወጣቶችን መጽሐፍ ቅዱስና አማርኛ ማስተማር ነበር። በየሳምንቱ ወደ ሮተርዳምና ወደ አምስተርዳም እመላለስ ነበር።

ስለ ሰፈሩ ትንሽ ልንገራችሁ። ትራንስቫል የደቡብ አፍሪካ ስም ነው፤ «ከቫል ወንዝ ማዶ» ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ሰፈሩ ሲሠራ ብዙ ደቾች በጦርነት (1899–1902) ከእንግሊዝ ጋር ለተዋጉት ቦሮች ያዝኑ ነበር። ስለዚህ መንገዶቹን በእነሱ ስም ሰየሙ፤ አንዱ ትልቅ መንገድ የፕሬዚዳንታቸው የፖል ክሩገር ስም አለው። አምስተርዳምም ትራንስቫል ሰፈር አለው። እዚያ ግን አንድ አደባባይ በ1978 ስሙ ተቀይሮ በፀረ አፓርታይድ ታጋዩ በስቲቭ ቢኮ ተሰይሟል። ዛሬ በእኛ ትራንስቫል የሱሪናም፣ የቱርክና የሞሮኮ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ እኛ አበሾችም አለን።

ሐኪሞቹ አጥንቴን በቀዶ ጥገና በብረትና በብሎን አሰሩት። ስድስት ሳምንት ሙሉ እግሬ መሬት እንዳይረግጥ ነገሩኝ። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው። የሆላንድን አሮጌ ቤት ደረጃ ታውቁታላችሁ፤ መሰላል ይመስላል። ቁጭ ብዬ፣ አንድ በአንድ እየተንፏቀቅሁ ወደ ላይ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ዓለሜ አልጋና መስኮት ብቻ ሆነ።

ከእግሬ ይልቅ ያመመኝ ሐፍረቱ ነበር። ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የላኩኝ ተኝቼ ጣሪያ እንዳይ ነው? ለእናቴ አንድ ሳምንት ደበቅኋት። በመጨረሻ ስነግራት፣ «እዚያ አገር ወጌሻ የለም እንዴ?» አለችኝ። ወጌሻ የተሰበረና የወለቀ አጥንት በእጁ የሚያክም የባህል ሐኪም ነው። ሳቅሁ። ቀጥላ ግን፣ «ታዲያ ማን ያስታምምሃል?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። በዚያ ሌሊት ለቤተ ክርስቲያኔ «አገልግሎቴን አቋርጬ እመለሳለሁ» የሚል ደብዳቤ ጻፍኩ። ጠዋት እልከዋለሁ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከጉባኤያችን አንዲት እናት፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ያን ሁሉ ደረጃ እያለከለኩ ወጥተው ቆመዋል። በእጃቸው በፔርሙዝ ትኩስ አጥሚት ይዘዋል። ከኋላቸው የአሥራ ሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው ቆሟል።

«እግዜር ይማርህ፣ ልጄ» አሉኝ።

«አሜን፣ እማማ።»

«በል አንተም በል እንጂ!» አሉት የልጅ ልጃቸውን። እሱም ቀላ ብሎ፣ «እግዜር... ይማርዎት» አለ። ልጁ የእኔ ተማሪ ነበር። ክፍል ውስጥ አማርኛ ተናገር ስለው አንገቱን ይደፋ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ምግብ፣ ልጁ ደግሞ ደች ቋንቋውን ይዞልኝ መጣ። ጀሶው ከተፈታ በኋላ ወደ ፊዚዮቴራፒ አብሮኝ ይሄድ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ባለሙያዋ «ሕመሙ ምን ዓይነት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ይጠዘጥዘኛል» አልኩ።

ልጁ ዝም አለ። «ጋሼ፣ ‹ያምመኛል› ብቻ ብላት አይበቃም?» አለኝ። አይበቃም ነበር፤ ባለሙያዋ መልስ ትጠብቃለች። ለአያቱ ደወለ። እማማም በስልክ፣ «ልብህ ሲመታ አብሮ የሚመታ ሕመም ነው፤ ጥርስህን ሲያምህ ታውቀዋለህ» አሉት። ፊቱ በራ። ደቾች ይህን «የሚያንኳኳ ሕመም» ይሉታል፤ ቃሉን አገኘው። ባለሙያዋ ወዲያው እግሬን አየች፤ አብጦ ነበር። የዚያን ቀን እንቅስቃሴ ቀነሰችልኝ፤ ስተኛም እግሬን በትራስ ከፍ እንዳደርግ ነገረችኝ።

ስንመለስ ልጁ፣ «ሌላስ ምን ምን ዓይነት ሕመም አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደብተር አወጣንና ጻፍን። *ይወጋኛል*፦ እንደ መርፌ። *ያቃጥለኛል*፦ እንደ እሳት። *ይቆረጥመኛል*፦ አጥንት ውስጥ ገብቶ፣ በተለይ በብርድ። *ይደነዝዘኛል*፦ እግሬ የእኔ አልመስል ሲለኝ። *ያሳክከኛል*፦ ጀሶው ውስጥ ሆኖ ላኩት የማልችለው!

በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት ወጣቶች ደረጃዬን ወጡ። እኔ መውረድ ስላልቻልኩ ትምህርቱ ወደ እኔ መጣ። የዚያን ቀን *ታመመ* የሚለውን ቃል ዘረዘርን። የታመመው *ታማሚ* ነው። አጠገቡ ተቀምጦ የሚያበላው፣ የሚያነሳው፣ የሚያድረው ደግሞ *አስታማሚ* ነው። አንዷ ልጅ፣ «ታዲያ እኛ አሁን አስታማሚዎች ነና!» አለች። የእናቴ ጥያቄ መልስ አገኘ።

በዚያው ሰሞን አልጋ ላይ ሆኜ የኦኔሲሞስ ነሲብን ታሪክ እንደገና አነበብኩ። ኦኔሲሞስ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ፣ በ1870 ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣ፣ በስዊድንም የተማረ የኦሮሞ ወንጌላዊ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ በ1881 በሱዳን በኩል ወደ ወገኖቹ ለመድረስ ተነሳ። እስከ ድንበሩ አካባቢ ሄደ። ግን መንገዱ ተዘጋ፣ እሱንም ትኩሳት ያዘው፤ በ1882 ወደ ካርቱም ተመለሱ። ከዚያም በምፅዋ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ እምኩሉ ተመልሶ መተርጎም ያዘ። እሱ ሲተረጉም አስቴር ጋኖ የምትባል፣ እሷም ከባርነት ነፃ የወጣች ወጣት፣ የኦሮምኛ ቃላትን እየሰበሰበች አገዘችው። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በኦሮምኛ ታተመ። ወለጋ የደረሰው በ1904 ነው፤ መጽሐፉንም ይዞ ሄደ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ኦኔሲሞስ አይደለሁም፤ የእኛም ደብተር ዐርባ ቃል አይሞላም። ቢሆንም ታሪኩ አጽናናኝ። እሱም መሄድ ባልቻለበት ጊዜ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ አግኝቷል፤ ሥራውንም ብቻውን አልሠራውም።

ደብዳቤውን አልላክሁትም። በአሥራ ሦስተኛው ሳምንት በአንድ ክራንች ተደግፌ፣ ከልጁ ጋር በእግሬ ወደ ገበያው ሄድኩ። ለእማማ ብርቱካን ገዛሁ፤ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተው ነበርና ልጠይቃቸው ተራዬ ደረሰ። እግሬ እስከ ዛሬ በብርድ ይቆረጥመኛል። ሮተርዳምና አምስተርዳም መመላለሱን ቀንሻለሁ፤ የቅዳሜው ትምህርት ግን አሁንም እቤቴ ነው።

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ አያታችሁ «አመመኝ» ሲሉ «ይማርዎት» ብላችሁ አትለፉ። አጠገባቸው ቁጭ በሉና፣ «ይወጋዎታል ወይስ ይጠዘጥዝዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ።